ሁለት ኮርድ ይበቃል ወይ?

የአንባቢያን ጥያቄ፦ የጊታር አምድ

ባለፈው ወር እትም በሁለትና በሦስት ኮርድ (ኮርድ ማለት አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች ናቸው) ተጀምረው የሚያልቁ የሮክ ዘፈኖችን ለጀማሪ ጊታር ተማሪዎች ጠቁሜ ነበር። ደብዳቤው ከጠበቅሁት በላይ መጣ። ከፊሉ ያመሰግናል፣ ከፊሉ ይሳደባል፤ አንዲት እናት ደግሞ በግጥም ከሰሱኝ። ቦታ የፈቀደልኝን ያህል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ሙዚቃ የሚማር ጓደኛ አለኝ። የምወዳቸውን የሮክ ዘፈኖች ባሰማሁት ቁጥር «ይሄ እኮ ሁለት ኮርድ ነው፣ የልጅ ጨዋታ ነው» እያለ ያሾፍብኛል። እሱ የሚወደው ኮርድ በየምቱ የሚቀያየርበትን ጃዝ ነው። የእሱን ስሰማ ደስ ይለኛል፣ ግን ተመልሼ አልከፍተውም። የእኔን ሁለት ኮርድ ዘፈን ግን ቀኑን ሙሉ ብሰማው አልጠግበውም። ጆሮዬ ሰነፍ ነው? ወይስ ዘፈኑ ውስጥ የማላውቀው ነገር አለ?

መልስ፦ ጆሮህ ደህና ነው። ጓደኛህም ቆጠራውን አልሳተም፤ ሁለት ኮርድ ነው። ቆጥሮ እንደጨረሰ ግን ወጥቶ ሄዷል፣ ዘፈኑ ውስጥ አልገባም።

ኮርድ ሲቀያየር ጆሮ ሥራ ይበዛበታል። ከዚህ ወዴት ነው የሚሄደው? መቼ ነው ወደ ቤቱ የሚመለሰው? እያለ ይከተላል። ጥሩ የጃዝ ሰው ይህን ያውቃል፤ ይወስድሃል፣ ያስትሃል፣ ሳታስበው ደግሞ መልሶ ደጅህ ላይ ያቆምሃል። ኮርዱ በማይሄድበት ዘፈን ግን ጆሮ የሚከተለው ስለሌለው ባለበት ቁጭ ብሎ ዙሪያውን ማየት ይጀምራል። ድራም መቺው ከምቱ ትንሽ ወደ ኋላ እንደሚጎትት ያኔ ትሰማለህ። ዘፋኙ የት እንደሚተነፍስ፣ የትኛውን ቃል ነክሶ ይዞ የትኛውን እንደሚለቅ ትሰማለህ። ጣት ክር ላይ ሲንሸራተት የሚወጣው ፍጭት ሳይቀር ይሰማሃል። አሥር ኮርድ ባለው ዘፈን ውስጥም ይህ ሁሉ አለ፤ አንተ ግን መንገድ ላይ ስለሆንህ አታየውም።

ምሳሌ ልስጥህ። አሜሪካዊው የብሉዝ ጊታር መቺ ጆን ሊ ሁከር እ.ኤ.አ. በ1948 ዲትሮይት ውስጥ «ቡጊ ቺለን»ን ሲቀርጽ ከጊታሩና ከእግሩ በቀር አጃቢ አልነበረውም። ኮርድ አይቀይርም። ያወራል፣ ያንጎራጉራል፣ እግሩ ወለሉን ይመታል። በሚቀጥለው ዓመት ያ ዘፈን በአሜሪካ የሪትም ኤንድ ብሉዝ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ገና ሮክ የሚባል ነገር በስሙ ሳይጠራ ማለት ነው። ቦ ዲድሊ በ1955 በራሱ ስም የሰየመውን ዘፈን ይዞ ሲመጣም ኮርዱ ንቅንቅ አይልም ማለት ይቻላል። የሚሄደው ምቱ ነው። ጀሮም ግሪን ማራካሱን ያንቀጫቅጫል፣ ጊታሩም የከበሮ ሥራ ይሠራል። እዚያ ላይ ሦስት አራት ኮርድ ብትጨምርበት ምቱን ትገድለዋለህ፤ ሞክሬ አይቼዋለሁ፣ አያምርም።

«እነዚህ ጥቂት ስለሚያውቁ ነው» እንዳይልህ ብዙ የሚያውቁትን ደግሞ እንጥራለት። ቢትልስ ኮርድ የሚቸግራቸው ሰዎች አልነበሩም። በ1966 ያወጡት «ኤለነር ሪግቢ» ግን ከሁለት ኮርድ፣ ከኢ ማይነርና ከሲ፣ ብዙም አይርቅም። ከቢትልስ አንዳቸውም መሣሪያ አልነኩበትም፤ የሚያጅቡት ስምንት ባለ ክር መሣሪያዎች ናቸው፣ አራት ቫዮሊን፣ ሁለት ቪዮላ፣ ሁለት ቼሎ። ዘፈኑ የሚያወራው ስለ ብቸኛ ሰዎች ነው። ኮርዱ ትንሽ ወጣ ይልና ወደዚያው ኢ ማይነር ይመለሳል፤ እንደገና ወጣ ይላል፣ እንደገና ይመለሳል። ሴትዮዋ ከቤቷ የትም እንደማትሄድ ከቃሉ በፊት ኮርዱ ነግሮሃል። በዚያው ዓመት በዚያው አልበም መጨረሻ ላይ ያለው «ቱሞሮው ኔቨር ኖውስ» ደግሞ ሲ ላይ ተተክሎ ይቀራል። በላዩ ላይ የተቀዱ የቴፕ ቁርጥራጮች እየተዟዟሩ ይጮኻሉ። ኮርዱን አቁመው ድምፁን ለቀቁት።

ለጓደኛህ የማቆይለት አንድ ነገር አለኝ። የእሱ የጃዝ ሰዎችም እዚሁ መጥተው ነበር። ማይልስ ዴቪስ በ1959 «ሶ ዋት»ን ሲቀርጽ ዘፈኑ ያረፈው በሁለት ኮርድ ላይ ነው፦ 16 ባር (ባር ማለት የተወሰነ ምት የሚይዝ የዘፈን ክፍል ነው) ዲ ማይነር፣ 8 ባር ኢ ፍላት ማይነር፣ መልሶ 8 ባር ዲ ማይነር። ይኸው ነው። ማይልስ ከዚያ በፊት ኮርድ በየግማሽ ባሩ የሚገለባበጥበትን ሙዚቃ ከእነ ቻርሊ ፓርከር ጋር ተጫውቶ የጠገበ ሰው ነው። ኮርዱን የቀነሰው ሶሎ የሚጫወተው፣ ማለትም ብቻውን የሚወጣው ሰው ለዜማው ቦታ እንዲያገኝ ብሎ ነው። ጓደኛህ ይህን ከሰማ በኋላም ካሾፈ ከማይልስ ጋር ይጣላ፣ አንተ የለህበትም።

አንተ ደግሞ የጎጃም ልጅ ነህ። ባሕር ዳር አዝማሪ ቤት ገብተህ ታውቅ ይሆናል፤ ባትገባም ሠርግ ላይ አይተሃል። ማሲንቆው አንዲት ሐረግ ይይዝና ያችኑ ይደጋግማል። አንዱ ከተቀመጠበት «ተቀበል!» ይላል፣ ሁለት ስንኝ ይወረውራል፣ አዝማሪው ይቀበላል፣ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ሌላው ደግሞ ይነሣል። ዜማው ስላልተለወጠ ሰልችቶኝ ሂሳቤን ልክፈል ያለ ሰው እስካሁን አላየሁም። ዜማው ቢቀያየር እንዲያውም ግጥሙ ያመልጣቸዋል።

በደርግ ጊዜ በአውራጃ ኪነት ውስጥ ሪትም ጊታር እመታ ነበር። ወጣት ነበርሁና ያወቅሁትን ሁሉ ማሳየት እወድ ነበር። ጭፈራው ሲሞቅ አንድ የተማርሁትን ኮርድ ጣል ሳደርግ መሪያችን ከኋላ መጥቶ «ትከሻውን አትስበርብኝ!» ይለኛል። ልክ ነበር። እስክስታ የሚመታ ሰው የሚጠብቀው ምቱን ነው። ኮርዱ ባልታሰበበት ሲዞር ትከሻው የት እንደሚወድቅ ይጠፋዋል፣ መድረኩ ላይ በዓይኔ አየዋለሁ።

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎት ከቢቸና ነው። ልጄ እርስዎ የጻፉትን አንብቦ ማታ ማታ እነዚያኑ ሁለት ድምፆች ሲደጋግም ያመሻል። ትምህርት ነው ወይስ ሌላ ነገር? እኔስ እንዲህ ብያለሁ፦

በሁለቱ ኮርዶች እንዲህ ካስመሸ፣
ሦስተኛው ሲጨመር እንቅልፌ ሸሸ።

መልስ፦ እትዬ፣ ግጥምዎን ተቀብያለሁ፤ ጥፋተኛም ነህ ከተባልሁ እቀበላለሁ።

ትምህርት ነው። ልጅዎ የሚለማመደው ኮርዶቹን ሳይሆን በሁለቱ መካከል ያለውን ነው። የግራ እጅ ጣቶች ካሉበት ተነሥተው ሁሉም እኩል አዲሱ ቦታቸው ላይ ማረፍ አለባቸው፤ ቀኝ እጅ ደግሞ እነሱን ሳይጠብቅ መምታቱን መቀጠል አለበት። ጀማሪ ሰው ሲቀይር ቀኝ እጁም አብሮ ይቆማል። እስቲ ዛሬ ማታ ልብ ብለው ያድምጡት። ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሄድ «ትክ» ብሎ የምትቋረጥ ነገር ካለች እየሠራ ነው፣ ይተዉት። መቋረጡ ጠፍቶም ያው ከሆነ ግን «በል እንግዲህ እየዘፈንህበት» ይበሉት። መዝፈንና መምታት አንድ ላይ ሲሆን አዲስ ትምህርት ይጀምራል፤ እርስዎም ቢያንስ ቃል ያገኛሉ።

ለእንቅልፍዎ ደግሞ መላ አለ። ክሮቹ ከጊታሩ ሆድ ላይ በሚታሰሩበት በኩል፣ ከሥራቸው የታጠፈ ጨርቅ ይወሽቅበት። ድምፁ ደብዘዝ ይላል፣ ለእጁ ግን ልምምዱ ያው ነው። የጣቱ ጫፍ ከቆሰለ አይዘኑ፤ ይደድራል።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ በየሠርጉ ኪቦርድ እጫወታለሁ። አምድዎ ስንፍናን እያሞገሰ ነው። እነዚህ ሮከሮች ሦስት ኮርድ የሚጫወቱት አራተኛውን ስለማያውቁ ነው። እኛ ግን የጎንደሩን፣ የወሎውን፣ የጎጃሙን፣ የትግሬውን፣ የኦሮሞውን ካላወቅን እንጀራ የለንም። ጩኸትና ሙዚቃ ለምን ይቀላቀላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ግማሹን እሰጥሃለሁ። አለማወቅ ያለበት ቦታ አለ። ኪንግስመን የተባሉ ልጆች በ1963 «ሉዊ ሉዊ»ን ሲቀርጹ ሦስት ኮርድ ነበራቸው፦ ኤ፣ ዲ፣ ኢ ማይነር። ከጊታር ሶሎው በኋላ ዘፋኙ ጊዜው ሳይደርስ ይገባል፣ ይደነግጣል፣ ያቆማል፤ ድራም መቺው በዱላው ሸፍኖ ያልፈዋል። ያንኑ እንዳለ አወጡት። ቃሉ ከመኮላተፉ የተነሣ ጸያፍ ነገር አለበት ተብሎ ተከሰሰና የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ ሳይቀር መረመረው፤ ምን እንደሚል መለየት አልቻልንም ብለው ተዉት። እነዚህ ሊቃውንት ነበሩ ብዬ አልከራከርህም። ዘፈኑ ግን ዛሬም ይመታል። ያችን የተሳሳተች መግቢያም ሰው ጠብቆ ይሰማታል።

ሌላውን ግማሽ አልሰጥህም። አንተ ኪቦርድ ስለምትጫወት የማታገኘው አንድ ነገር በጊታር ላይ አለ። በ1964 የኪንክስ ጊታር መቺ ዴቭ ዴቪስ የትንሿን አምፕሊፋየሩን ስፒከር በምላጭ ቀዶ ያን የተቦጫጨቀ ድምፅ አወጣ። ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎም ሌላው ጊታር መቺ ሊንክ ሬይ ስፒከሩን በእርሳስ በስቶት ነበር። ድምፁ እንዲህ ሲቦጫጨቅ ታዲያ ሙሉ ኮርድ አይሸከምም። ምክንያቱ ፊዚክስ ነው። ኤ የሚባለው ድምፅ በሴኮንድ 110 ጊዜ ይርገበገባል እንበል፤ ከእሱ አምስተኛው ድምፅ ኢ ደግሞ 165 ገደማ። ይህ መቦጫጨቅ፣ ዲስቶርሽን የሚሉት፣ ሁለቱን ሲያላትማቸው የልዩነታቸውን ድምፅ ይወልዳል፦ 55። 55 ደግሞ ራሱ ኤ ነው፣ አንድ ኦክታቭ ወርዶ። ቤዝ ሳይኖር ቤዝ አገኘህ ማለት ነው። አሁን መሐላቸው ሲ ሻርፕን፣ ማለትም 139 ገደማን ጨምር። ከታቹ ጋር 29፣ ከላዩ ጋር 26 ገደማ ይወልዳል፤ እነዚህ ሁለቱ እርስ በርስ ይጋጩና ድምፁ ጭቃ ይሆናል። ለዚህ ነው የሮክ ጊታር መቺ መሐለኛውን፣ ሦስተኛ የሚባለውን ኖታ አውጥቶ ፓወር ኮርድ የሚይዘው። ሜጀር ወይም ማይነር የሚያሰኘው ያ ኖታ ስለወጣ ሜጀርም አይደለም፣ ማይነርም አይደለም። ኮርዱ ያነሰው ድምፁ ስለበዛ ነው።

ጩኸቱ ራሱ ሙዚቃ የሚሆነው ታዲያ እዚህ ላይ ነው። ራሞንስ በ1976 የመጀመሪያ አልበማቸውን ሲያወጡ 14 ዘፈን ከ30 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ጨረሱ። አንዱም ዘፈን ለመሰልቸት ጊዜ አይሰጥህም። ኒል ያንግ ደግሞ በ1969 «ሲናመን ገርል» ላይ አንዲት ኖታ ብቻ እየደጋገመ ሶሎ ተጫወተ። ሰውዬው ሌላ ኖታ ስላጣ ይመስልሃል?

የቦብ ማርሌይን «ጌት አፕ ስታንድ አፕ» በሠርግህም በባጃጁም ትሰማዋለህ። አንድ ኮርድ ነው፤ ቁጭ ብለህ ፈትሸው። ኪቦርዱም፣ ጊታሩም፣ ቤዙም እየተሸዋወዱ ስለሚገቡበት ማንም አያስተውለውም።

መጥፎ ባለ ሁለት ኮርድ ዘፈን የለም አላልሁም፣ ሞልቷል። እኔ የምለይበት መንገድ ይህ ነው፦ ኮርዱ ከቆመ ሌላ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ ወይ? ቃሉ፣ ምቱ፣ ድምፁ፣ ዝም የሚባልበት ቦታ። ሁሉም ከቆመ ዘፈኑ ሞቷል። አንዳንድ ሠርግ ላይ ኪቦርዱን የተዘጋጀ ምት ላይ ጥለው፣ አንድ ቁልፍ ይዘው፣ በሌላ እጃቸው ስልክ የሚነካኩ አይቻለሁ። አንተን አላልሁም።

ደግሞ በዚህ አገር አጭርን የሚንቅ ሰው ሲያጋጥመኝ ይገርመኛል። ዋሸራና ጎንጅ፣ ዲማና ደብረ ኤልያስ ያሉት እዚሁ ነው። ቅኔ ተማሪ የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው፣ በሁለት ቤት። መወድስ ስምንት ቤት ነው። መወድስ የሚዘርፍ ሊቅ ጉባኤ ቃናን የጀማሪ ነው ብሎ አይጥላትም፤ በዓል ሲሆን በሁለት ቤት ብቻ ጉባኤውን ሁሉ አስደንግጦ የሚቀመጥ አለ።

ጥያቄ፦ ጋሽዬ፣ እኔ ማሲንቆ መቺ ነኝ፣ ባሕር ዳር አዝማሪ ቤት እሠራለሁ። አንድ ጊታር የሚመታ ልጅ አብረን እንሥራ ብሎኝ ሞከርን። ኮርድ ሲጨምርበት ዜማዬ ይታመማል። እሱ «ሦስት ኮርድ ብቻ ነው የተጠቀምሁት፣ ሮክ ሁሉ በሦስት ነው» ይላል። ለእኔ አንዱም በዛብኝ። ማነው ልክ?

መልስ፦ አንተ ነህ። ምክንያቱን በወረቀት ላሳይህ፤ ለልጁም አሳየው።

ትዝታ ሜጀርን ከሲ ብትጀምረው ያሉህ ድምፆች ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ናቸው። የሮክ ሦስት ኮርድ በሲ ስትጫወት ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ ነው። የኤፍ ኮርድ ራሱ ኤፍ የሚባል ድምፅ ይፈልጋል፣ የጂ ኮርድ ደግሞ ቢ ይፈልጋል። ኤፍም ቢም በትዝታህ ውስጥ የሉም። ልጁ ከሦስት ኮርዱ ሁለቱን ሲመታ ቅኝትህ ውስጥ የሌለ ሰው ያስገባብሃል። ዜማህን ያሳመመው እሱ ነው።

ከእነዚያ ከአምስቱ ድምፆች ብቻ ስንት ሙሉ ኮርድ፣ ሜጀር ወይም ማይነር፣ ይወጣል? ሁለት፦ ሲ፣ እና ኤ ማይነር። ትዝታ ማይነር፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ሲሆን፣ ሲ ማይነርና ኤ ፍላት ይሰጥሃል። እንደገና ሁለት። ባቲ ማይነርን ከኤ ብታነሣው፣ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ማይነርና ሲ ይወጣሉ። አምባሰልን ከኤ ብትጀምረው፣ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ዲ ማይነርና ቢ ፍላት ብቻ። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ሁሉንም በእርሳስ አወጣኋቸውና ሁለት ሁለት ሆነው ሲገኙ ለብቻዬ ሳቅሁ። ሮከሮቹ ብዙ ለፍተው የደረሱበት ሁለት ኮርድ የእኛ ቅኝት ከመነሻው የሰጠን ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ ልጁ ለትዝታ ሜጀር ሲና ኤ ማይነር ይያዝ፣ ሌላውን ይተወው። ለአምባሰል ግን አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ከመነሻው ኤ ላይ ሆነህ ሦስተኛውን ብትፈልግ የለም፤ ሲም የለም፣ ሲ ሻርፕም የለም። ስለዚህ ልጁ ኤ ሜጀርም ይምታ ኤ ማይነር ያስቀይምሃል። እዚህ ላይ ያ የሮክ ፓወር ኮርድ፣ ኤና ኢ ብቻ፣ ቁልፍ ሆኖ ይገባል። ቢ ፍላትና ኤፍም ይሆናል፣ ዲና ኤም ይሆናል። ሦስቱም ድምፃቸው ከአምባሰል አይወጣም። አምፕሊፋየር ካለውና መብራት ካልጠፋ ትንሽ ዲስቶርሽን ይጨምርበት፤ አምባሰል ከሻካራ ጊታር ጋር ሲገናኝ ሰውነት ይወርራል። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ» የተባለውን አልበም ይዘው ሲመጡ ብዙ ወጣት የአገራችን ቅኝትና የሮክ ጊታር አብረው መሄዳቸውን የሰማው በእነሱ ነው።

አንቺሆዬ ሲሆን ልጁ እጁን ይሰብስብ። በብዛት በሚጻፍበት መልኩ ከሲ ሲነሣ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው። ጂ ስለሌለ ከመነሻው ላይ ፓወር ኮርዱም አይሠራም። መነሻዋን ድምፅ በአንድ ክር ይዞ ምት ይጠብቅልህ፤ ከዚያ ያለፈው ያንተ ነው።

ሌላው ደግሞ መቃኘቱ ነው። ልጁ ጊታሩን በስልኩ ቃኝቶ መጥቶ አንተን «ወደ እኔ ና» ይልሃል። እሱ ወደ አንተ ይምጣ። ማሲንቆህን ለድምፅህ በሚመችህ ቦታ አስቀምጥ፣ ዘፈንህን ጀምር፣ እሱ እየሰማ ክሩን ወደ አንተ ያምጣ። ከነገ ጀምሮ ጉሮሮህን በሚያሳምም ከፍታ የምትዘፍንበት ምንም ምክንያት የለም።

ጥያቄ፦ እኛ አራት የዳንግላ ተማሪዎች ነን። አንድ አኩስቲክ ጊታር፣ አንድ ባለ አምስት ክር ክራርና አንድ ከበሮ አለን። አራተኛው ይዘፍናል። ለትምህርት ቤታችን የዓመቱ መዝጊያ በዓል አንድ የሮክ ዘፈን ማቅረብ እንፈልጋለን። ጊታር መቺያችን ባር ኮርድ፣ አንድ ጣት ክሮቹን ሁሉ የሚጫንበትን፣ አይችልም። መብራቱ ደግሞ አይታመንም። ምን እንሥራ?

መልስ፦ በጣም ጥሩ ባንድ ናችሁ። መብራት የሚያስፈልገው ነገር ስለሌላችሁም ከብዙዎቹ ትሻላላችሁ።

አሜሪካ የተባለው ባንድ በ«ኤ ሆርስ ዊዝ ኖ ኔም» በ1972 በአሜሪካ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጥቷል፤ ዘፈኑ የተሠራው በሁለት ኮርድ ነው። ጊታር መቺያችሁ የሚፈልገው ሁለት ጣት ነው። መጀመሪያ ኢ ማይነር፦ ከወፍራሙ ክር ቀጥሎ ባሉት በሁለቱ፣ በአምስተኛውና በአራተኛው ክር ላይ፣ ሁለተኛው ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ በብረት የተከፈለው ቦታ) ላይ ጣቶቹን ያሳርፍ። ሌላው ክር ሁሉ ክፍት ነው። ሁለተኛው ኮርድ የዲ ዓይነት ነው፦ ፍሬቱን ሳይቀይር አንዱ ጣት ወደ ወፍራሙ ስድስተኛ ክር፣ ሌላው ወደ ሦስተኛው ክር፣ ሁለቱ ተራርቀው ይሂዱ። ሌላው ክፍት ይቆይ። ጣቶቹ ተከፍተው ይዘጋሉ፣ ይኸው ነው። ባር ኮርድ ዓመት ቢቆይም ይደርሳል።

ክራሩን ባቲ ማይነር ከኢ ጀምራችሁ ቃኙት፦ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ። አምስት ክር፣ አምስት ድምፅ። ከሁለቱም ኮርድ ጋር ይስማማል፣ ክራር መቺው የፈለገውን ክር ቢነካ አይጠፋም። እሱን ግን አትንገሩት፤ እየፈራ ቢጫወት ይሻላል፣ ደፋር ክራር መቺ ዝም አይልም።

የእነሱን ዘፈን እንዳለ አትቅዱት። ሁለቱን ኮርድ ውሰዱና የራሳችሁን ግጥም በአማርኛ ጻፉበት፣ አገውኛ የሚችል ካለም አንድ አንጓ በአገውኛ። ስለ ዳንግላ መናኸሪያ፣ ስለ ፈተና ሰሞን፣ ስለ ፈለጋችሁት። ግጥሙ ላይ ልፉ፤ ኮርዱ ስለማይጠብቃችሁ ሰው ቃላችሁን በደንብ ይሰማል፣ ደካማ ስንኝ መደበቂያ የላትም።

ከዚያ በየአንጓው አንድ ነገር ለውጡ። መጀመሪያ ድምፅና ጭብጨባ ብቻ ይሁን። ሁለተኛው ላይ ጊታር ይግባ። ሦስተኛው ላይ ከበሮ፣ ግን ዘግየት ብሎ፤ ሰው «መቼ ነው የሚመታው?» እስኪል ድረስ ከበሮውን ታቅፎ ይቁም። አራተኛው ላይ ጊታሩ በድንገት ዝም ይበልና ክራሩ ብቻውን ይውጣ። ጊታር ሲመለስ አዳራሹ ይነሣል፣ ሌላ ኮርድ ስለተጨመረ አይደለም። ከአራት ደቂቃ አታሳልፉት።

መጨረሻው ላይ ኢ ማይነር ላይ ተገናኙና አንድ ላይ ቁሙ። ከበሮ መቺው ካላቆመ ግን ቀጥሉ።